ሰው ሁሉ ያጠጣው ዛፍ

በጎልማሶች ትምህርት ክፍል ውስጥ «እትዬ ምናልባት» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ከኋላዋ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ነው። መምህሯ መስኮት ስትከፍት እሷ «ምናልባት ብርድ ቢመታንስ?» ትላለች፤ ስትዘጋው ደግሞ «ምናልባት አየር ቢያጥረንስ?» ትላለች። አንድ ቀን ጫማ ሰፊው ጠመኔውን ከመምህሯ እጅ ተቀበለና ሰሌዳው ላይ «ምናልባት» ብሎ ጽፎ፣ «በሉ አንብቡ፣ የእትዬ የአባት ስም ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ቃሉን ያለማንም እርዳታ ማንበቧን ያወቀችው ከሳቀች በኋላ ነው።

ቀን ቀን ላውንደሪ ውስጥ ትሠራለች፤ የሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች። በእንፋሎት ውስጥ ስትውል ጣቶቿ የተቀቀሉ ይመስላሉ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ሚጡ ትላታለች፣ ልጅቷ ቁመቷ ከእናቷ አልፎ እንኳን ሚጡ ነው የምትላት። ሚጡ ድምፅ አላት። ደረጃው ላይ ስታንጎራጉር ጎረቤት በሩን ከፍቶ ይሰማል። እናቷ ግን ያን ድምፅ በሰማች ቁጥር ደስ እያላት ወዲያው እንዳታጣው ትፈራለች። ያላትን ነገር ሁሉ እንዲያ ነው የምትይዘው፤ እንደሚያንሸራትት ሳህን።

መምህሯ አንድ የእረፍት ቀን ክፍሉን በሙሉ ይዛ ወደ ገጣሚዎቹ አትክልት ስፍራ ወሰደቻቸው።

አትክልት ስፍራው ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ነው። በአሮጌ የድንጋይ አጥር የተከበበ ግቢ ነው፤ ድሮ ሦስት ገጣሚዎች ከሰዓት በኋላ እየተገናኙ ይቀመጡበት ነበር። ግጥማቸውን ከሰው በፊት ለተክሎቹ ያነቡ ነበር አሉ። አንደኛዋ ሴት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ንብ ጻፈች፣ አበባ ሲቀጠፍም ማየት አትወድም ነበር። አንደኛው ከሣር በቀር ስለ ምንም ያልጻፈ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሊጠይቁት የመጡትን ጫማችሁን አውልቁ ይላቸው ነበር። ትልቁ፣ ሽማግሌው፣ ስለ ዛፍ ጻፈ። ሦስቱም አንድ አንድ ዛፍ ተክለው ነው የሞቱት። የሽማግሌው መሃል ላይ ነው፤ ግንዱን ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አቅፎ አይጨርሰውም። ከሥሩ ባለው ድንጋይ ላይ ግጥሙ ተቀርጿል፤

ጥላዬ ሥር ቆመህ ስሜን ስታነሣው፣
ለእኔ አታልቅስና ዛፌን ውሃ አጠጣው።

ሰውም እንደተባለው ያደርጋል። ከቧንቧው አጠገብ ጆጎች ተደርድረዋል። የመጣ ሁሉ አንዱን ሞልቶ ከዛፉ ሥር ያፈሳል። ተማሪ፣ ሙሽራ፣ ጡረተኛ፣ እንግዳ፣ ማንም ባዶ እጁን አይሄድም። ለአንዱ ሰጥቶ ሁለቱን መንሳት ነውር መስሎ ስለታየ ደግሞ ለሴቲቱና ለዝምተኛው ዛፍም ያፈሳሉ። ዝናብም ቢዘንብ ያፈሳሉ። የዛሬዎቹ ሰዎች አያቶች ሳይወለዱ ጀምሮ እንዲህ ነው።

እናትየውም ጆጓን ይዛ ተራ ጠበቀች። ድንጋዩ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል እየለቀመች አነበበች፤ ጫማ ሰፊው እንኳን ሳይቀልድ ጠበቃት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ውሃዋን አፈሰሰች። ውሃው አልሰረገም። ትንሽ ቆመ፣ ቆመና ወደ ጫማዋ ተመልሶ መጣ። አብሮትም ሽታ መጣ። ሽታውን ታውቀዋለች። አንሶላ እርጥቡን ቅርጫት ውስጥ ተረስቶ ሲሰነብት፣ ሲገልጡት አፍንጫ ላይ የሚመጣው እምክ እምክ የሚለው ሽታ ነው። ከዛፉ በስተጀርባ ዞረች። መሬቱ አብጧል። እብጠቱ ላይ ነጫጭ እንጉዳዮች ተደርድረዋል፤ ለስላሳ፣ የጨቅላ ሕፃን ጆሮ የሚመስሉ።

«መምህር፣» አለች፣ «ምናልባት ይሄ ዛፍ…»

«ጀመረች!» አለ ጫማ ሰፊው።

ያን ቀን መምህሯ ሌላ ወሬ ነበራት። የግቢው ማኅበር የሽማግሌውን ገጣሚ መታሰቢያ ሊያከብር ነው። ግጥሙን የሚያነብ ሰው ከጎልማሶች ክፍል እንዲመረጥ ተጠይቃለች። «እትዬ፣ የእርስዎን ስም ሰጥቻለሁ» አለቻት። «ከንባቡ በኋላ ደግሞ የመዝሙር ቡድን ዛፉ ሥር ቆሞ ይዘምራል፤ የልጅዎ ትምህርት ቤት ቡድን ነው። እናት ታነባለች፣ ልጅ ትዘምራለች። እስቲ ያስቡት!»

አሰበችው። ያን ሁሉ ቅርንጫፍ፣ ከሥሩም የልጇን ቀጭን አንገት።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ብቻዋን ወደ ግቢው ተመለሰች። አትክልተኛው ጥላ ሥር ተቀምጦ መቀስ ይስላል። ዕድሜው የገፋ፣ ጥርሱ የሳሳ ሰው ነው።

«አባባ፣ ይሄ መሬት ለምን አበጠ?»

«ሥር ነው ልጄ። ሥር መሬት ያነሣል።»

«ይሄ ሽታስ?»

መቀሱን ጭኑ ላይ አኖረ። «ውሃው በዛ ብዬ ነበር። አንዴ ብያለሁ። ‹ገጣሚው አጠጡ ብሎ አንተ አታጠጡ ትላለህ?› አሉኝ። ምን ልበል? እኔ ገጣሚ አይደለሁ።»

«ታዲያ ሊወድቅ ይችላል?»

«ሊወድቅ ይችላል። እኔም ሞቼ እሱ ቆሞ ሊቀር ይችላል። እኔ እንጃ። ማለዳ ማለዳ እኔ ራሴ አጠጣዋለሁ።»

«እያወቁ?»

«ልማድ ነው። የተውኩት ዕለት የሚከፋው ይመስለኛል።» ወደ ዛፉ ቀና ብሎ አየ፤ እንደ ክፉ አለቃ ነበር ያየው። «አንቺም ዝም በይ ልጄ። እዚህ ግቢ ውስጥ ስለ እሱ ክፉ አይወራም።»

ወደ ማኅበሩ ሰብሳቢ ሄደች። ባርኔጣ የሚያደርግ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ ለማንም ወንበር የሚስብ ሰው ነው። ለእሷም ሳበላት። የዛፉን ነገር ነግራው እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«እናቴ፣» አለ፣ «ይህ ዛፍ አያቴን ያውቃል።»

«ልጄን ግን አያውቃትም ጋሼ።»

ሰብሳቢው እጁን አጨበጨበ። «ግሩም አባባል ነው! ንግግሬ ውስጥ አስገባዋለሁ።» እስከ በሩም ሸኛት። ወጥታ መንገድ ላይ ስትሆን ነው ምንም እንዳላገኘች የገባት።

ቤት ስትደርስ ሚጡ ጠረጴዛው ላይ ዜማዋን ታጠናለች። እናትየው የልጅቷን የደንብ ልብስ ዘርግታ ካውያ አነሣች። አንገትጌውን ተኮሰች። እንደገና ተኮሰችው።

«እማዬ፣ አቃጠልሽው እኮ።»

«ሚጡዬ፣ ትንሽ ወዲህ ብላችሁ ብትዘምሩስ? በሩ ጋ። እዚያ ድምፅ ጥሩ ይሰማል።»

ልጅቷ ቀና አላለችም። «ዛፉ ነው አይደል?»

«ዛፉማ…»

«አውቄያለሁ! ጋሼ ሰብሳቢው ጋ ሄደሽ ነበር አይደል? ልጆቹ ሰምተዋል። ‹የእትዬ ምናልባት ልጅ› ነው የሚሉኝ።» እርሳሷን ወረወረችው። «አሳንሰሩ ይበጠሳል ብለሽ ስንት ዓመት በደረጃ አስወጣሽኝ። ጣሪያው ይወድቃል ብለሽ ኮሪደር ላይ አስተኛሽኝ። ይኸው ጣሪያው! እዪው! ንቅንቅ ብሏል?»

እናትየው ጣሪያውን አየች። ንቅንቅ አላለም።

«የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ልትመጣ ነው» አለች ሚጡ። «ለትምህርት ቤቷ የምትመርጠን እዚያ ሰምታ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ እንደ ሰው እናት ሁኚልኝ። ስለ ዛፉ አንድ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ማይልኝ።»

«እኔ ላንቺ ብዬ…»

«ማይልኝ!»

ማለች። ምን ታድርግ? ምናልባት ልጅቷ ልክ ናት። ምናልባት እሷ ናት የታመመች፤ በየግድግዳው ስንጥቅ የምታየው፣ በየድምፁ ሳል የምትሰማው እሷ ናት። የጣሪያውም ነገር እውነት ነው፤ የአሳንሰሩም። ከፍርሃቶቿ አንዱ እንኳን መጥቶ በሩን አንኳኩቶባት አያውቅም። ሆኖም ሽታውን በአፍንጫዋ ነው ያሸተተችው፤ አፍንጫ ደግሞ አይጨነቅም።

አልጋዋ ላይ ሆና አንድ ነገር ወሰነች። አልናገርም፤ ግን የት እንደምቆም የሚከለክለኝ የለም። ከእብጠቱ ላይ እቆማለሁ። መሬቱ የሚነሣ እንደሆነ መጀመሪያ የእኔ እግር ይወቀው።

ከዚያ ወዲህ ግጥሙን ማጥናት ብቻ ሆነ ሥራዋ። አንሶላ ስትተኩስ ትለዋለች፣ ሳህን ስታጥብ ትለዋለች፣ ተኝታም ትለዋለች። ሚጡ ትራሱን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ «እማዬ፣ በናትሽ፣ እኔ እንኳን በቃሌ ያዝኩት!» እያለች ትለምናለች።

የመታሰቢያው ሳምንት ዝናቡ አላቋረጠም። በዕለቱ ከሰዓት በኋላ ጋብ አለና ሰማዩ እንደ ቆርቆሮ ደመቀ። ሰው ግቢውን ሞላው። ወንበሮች ሣሩ ላይ ተደርድረዋል፤ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ሰምጦ፣ የተቀመጠ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነብላል። ከቧንቧው ጀምሮ ረጅም ሰልፍ ነበር። እንግዶቹ ጆጋቸውን እየሞሉ፣ እየሳቁ፣ ፎቶ እየተነሡ ለሦስቱም ዛፎች አፈሰሱ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ እሷም አፈሰሰች። ጫማ ሰፊው ሁለት ጆግ ይዞ መጣ፤ «አንዱ ያንቺ ነው እትዬ፤ ለአንባቢ ተራ አያስፈልጋትም» ብሎ በእሷ ስም ደፋው።

ሰብሳቢው ባርኔጣውን አውልቆ ተናገረ። «ይህ ዛፍ አያቴን ያውቃል፤ ልጆቻችሁን ግን ገና አያውቃቸውም። ዛሬ እናስተዋውቀው!» ሰዉ አጨበጨበ። የመዝሙር ቡድኑ ሴት ልጆች ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ከግንዱ ፊት፣ ከትልልቆቹ ቅርንጫፎች ሥር ቆሙ። ሚጡ መሃል ላይ ናት። እናቷን አታይም። ወደ ሰዉ ነው የምታየው።

እናትየው ተጠራች። መምህሯ ከልጆቹ ጎን ያለውን ቦታ አሳየቻት። እሷ ግን በግንዱ ዞራ እብጠቱ ላይ ወጥታ ቆመች። እብጠቱ ከግንዱ ጎን ወጣ ብሎ ከፍ ያለ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ያያታል። እንጉዳዮቹ ከጫማዋ ሥር ሲጨፈለቁ ተሰማት።

ጀመረች።

ጥላዬ ሥር ቆመህ ስሜን ስታነሣው፣
ለእኔ አታልቅስና ዛፌን ውሃ አጠጣው።

ድምፏ ራሷን ገረማት። አልተንቀጠቀጠም። ጫማ ሰፊው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሯት ይላል።

እኔ የሄድኩ እንደሁ ቅጠሌ ይቀራል፣
ነፋስ በነካው ቁጥር ስለ እኔ ያወራል።

ነፋሱ መጣ፤ ከፍርድ ቤቱ በኩል፣ ወረቀትና ቅጠል እየገፋ። ከላይ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሄዱ። ከእግሯ ሥር መሬቱ እንደተኛ ሰው ደረት ከፍ አለ። ከዚያ ዝቅ አለ። ሰዎች ነፋሱ በግጥሙ ላይ በመምጣቱ ተደስተው «ኦ!» አሉ። ነፋሱ ደገመ። መሬቱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። በዚህ ጊዜ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ፣ ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ሰማች።

«ሥሬ በመሬት ውስጥ…» አለች።

ሦስተኛው ነፋስ መጣ። መሬቱ ከፍ አለ። ዝቅ አላለም።

ዝም አለች።

መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም። መምህሯ ፈገግ ብላ ጣቷን አነሣች፤ ክፍል ውስጥ ቃል ሲጠፋቸው እንደምታደርገው። «እ…» አለች በከንፈሯ ብቻ።

«እጁን፣ እትዬ! እጁን!» አለ ጫማ ሰፊው።

«እጁን ዘርግቶልህ» አለች የፊት ወንበር ላይ ያለች ሴት በቀስታ። ከኋላዋ ያለውም አለ። ሰብሳቢው እንደ አባት ራሱን ነቀነቀላት። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ፣ አንዲት ጎልማሳ ማንበብ ስትማር አይቶ የራራላት ደግ ሕዝብ፣ በሹክሹክታ ያቀብላት ጀመር፤ «እጁን ዘርግቶልህ… እጁን ዘርግቶልህ…»

«ልጆች፣ ከዚያ ውጡ» አለች። በሹክሹክታው መካከል ድምፁ ከአፏ አልራቀም።

«አይዞሽ እናታችን! ቀስ ብለሽ!» አለ አንድ ሰው፤ ጭብጨባም ተነሣ። ጭብጨባው የቀረውን ድምፏን ዋጠው።

ሚጡ በሐፍረት ቀልታ ጫማዋን ታያለች። ጓደኛዋ በክርን ነካቻት፤ «ሚጡ፣ ጠፋባት እኮ፤ ንገሪያት።» ሚጡ ልትነግራት ቀና አለች። አፏን ከፈተችና ተወችው። ይህ ስንኝ ለእናቷ ሊጠፋት አይችልም። ተኝታ የምትለው ነው። ሳህን እየተሰበረባት እንኳን ሳታቋርጥ የጨረሰችው ነው። የእናቷን ፊት አየች። ፍርሃት የለበትም። ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ያ ምናልባት ምናልባት የሚል ነገር ከፊቷ ላይ ተጠርጓል። ከዚያ ዓይኗ ወደ እናቷ እግር ወረደ። አንዱ እግሯ ከሌላው በላይ ነው። በመካከላቸው መሬቱ አፉን ከፍቷል።

«ሩጡ!» አለች ሚጡ።

ያ ጎረቤት በሩን ከፍቶ የሚሰማው ድምፅ ነበር፤ አሁን ግን ዜማ የለውም። ከጎኗ ያለችውን ልጅ በሁለት እጇ ገፈተረቻት፤ ሌላዋን በሸሚዟ ጎተተቻት። ልጆቹ እየጮኹ ወደ ጎን ተበተኑ። የፊት ወንበሮች ተገለበጡ። ሰዉ ለምን እንደሚሮጥ ሳያውቅ ሮጠ።

ዛፉ አልቸኮለም። ረጅም ሰው ከወንበር እንደሚነሣ ነበር ያደረገው፤ ከዚያ ልጆቹ ቆመውበት በነበረው ቦታ ላይ፣ በባዶ ወንበሮቹ ላይ፣ በድንጋዩ ላይ ተዘረጋ። የወደቀበት ድምፅ ከጆሮ ይልቅ በእግር ነው የተሰማው። እናትየውን ሥሩ አንሥቶ ወደ ኋላ ጣላት፤ በጀርባዋ ጭቃው ላይ ወደቀች። ሥሩ በነበረበት ቦታ የቀረው ጉድጓድ በጥቁር ውሃ የተሞላ ነበር። የቀሩት ሥሮች አጭር፣ የበሰበሱ፣ ሲነኳቸው የሚፈርሱ ነበሩ።

«ሚጡ!»

«አለሁ! እማዬ፣ አለሁ!» ልጅቷ በጭቃው ላይ እየዳኸች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጉልበቷ ደምቷል። «ሁላችንም ወጥተናል። ቆጥሬያለሁ። ሁላችንም።»

እናትየው ፊቷን ይዛ አየቻት፤ ግንባሯን፣ ጆሮዋን፣ ጥርሷን። መጮህ ፈለገች፣ መሳቅ ፈለገች፤ ሁለቱም አልመጡላትም። እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ቁርጭምጭሚቷ ወለም ብሏል። ምንም አይደል። ልጄ እዚህ ናት፣ እጄ ውስጥ ናት።

ሰብሳቢው ያለ ባርኔጣ መጣ። ፀጉሩ ላይ ቅጠል አለ። ከእነሱ ጎን ቆሞ ጥቁሩን ውሃ አየ። ከዚያ ተከትሎት የመጣውን አትክልተኛ፣ «ሌሎቹስ?» አለው በዝግታ። «የሁለቱስ?»

አትክልተኛው ዓይኑን ከጉድጓዱ አንሥቷል። ወደ ግቢው ጥግ ነበር የሚያየው። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል፤ ጠብታው ወፍራም ነው። ከወደቀው ዛፍ የሸሸው ሰው መሸሸጊያ ፈልጎ በሴቲቱ ገጣሚ ዛፍ ሥር ተጠጋግቶ ቆሟል። መምህሯ እዚያ ናት፣ ጫማ ሰፊው እዚያ ነው፣ ባለመነጽሯ ሴት እዚያ ናት። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ወደቀው አዙረው፣ እርስ በርስ ተቃቅፈው፣ ተረፍን እየተባባሉ ነው። ነፋሱ ከፍርድ ቤቱ በኩል ሲመጣ ከራሳቸው በላይ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሄዱ።

ሚጡም አየች። እናቷ ስታይ አይታ ነው ያየችው። እጇን ከእናቷ እጅ አወጣች።

«አይሆንም» አለች እናትየው። «ሚጡዬ፣ ሌላ ሰው ይሂድ። ከዚህ ጩኺላቸው።»

«አይሰሙኝም እማዬ። አንቺን ሰሙሽ?»

እናትየው ሸሚዟን ለመያዝ እጇን ዘረጋች፤ ጫፉ በጣቶቿ መካከል አለፈ። ልጅቷ በዝናቡ ውስጥ፣ እያነከሰች፣ «ውጡ! ከዚያ ውጡ!» እያለች ሮጠች። ሰዎቹ ስትመጣ አዩ። ያዳነቻቸው ልጅ ናት። ደስ አላቸው፤ ወደ ጥላው እንድትገባ ቦታ ለቀቁላት፣ እጃቸውንም ዘረጉላት።

ገባች።

እናትየው ጭቃው ውስጥ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች፤ ልጇን ትጠራለች፤ ዓይኗን ግን ከልጅቷ ላይ አንሥታ፣ ከፍ ይል እንደሆነ ለማየት፣ ከሴቲቱ ገጣሚ ዛፍ ሥር ባለው መሬት ላይ ተክላለች።